በሁለት ዓይነት ጎማ ወደ ሳነቴ

ወደ ባሌ ተራሮች፣ ሳነቴ ወደሚባለው ከፍተኛ ሜዳ የወጣነው በሁለት መኪና ነው። ሁለቱም ራቭፎር፣ የአንድ ዘመን ሥሪት፣ ሞተራቸውም አንድ። የሚለያዩት በእግራቸው ብቻ ነው። የእኔ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ባለ 17 ቸርኬ (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) ላይ ነው። ጓደኛዬ ከጥቂት ወራት በፊት ባለ 20 አሎይ ቸርኬ አስገጥሟል። በእውነት አምሮበታል። ጎን ለጎን ሲቆሙ የእሱ የእኔን ያስንቃል።

እኔ ዓይኔን የጣልኩት ጎማው ላይ ከታተመው ቁጥር ላይ ነው። የእኔ 225/65 አር 17 ይላል፤ የእሱ 245/45 አር 20። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። የመጨረሻው የቸርኬው ዲያሜትር ነው፣ በኢንች። መሀል ያለውን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። የጎማው ጎን (ከቸርኬው ጠርዝ እስከ መሬት ያለው ላስቲክ) ከፍታ ከስፋቱ በመቶ ስንት እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። የ225 ስልሳ አምስት በመቶ 146 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የ245 አርባ አምስት በመቶ ደግሞ 110። ልዩነቱ ሁለት ጣት ያህል ነው።

የሚገርመው ግን ከመሬት እስከ አናታቸው ሲለኩ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። የእኔ 724፣ የእሱ 728 ሚሊ ሜትር። ቸርኬው ባደገው ልክ የጎማው ጎን አጥሯል። እንዲህ ካልሆነ የፍጥነት ቆጣሪው ይዋሻል፣ ጎማውም ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያውን) መንካት ይጀምራል። የገጠመለት ሰው ሥራውን ያውቃል። ሳነቴ ላይ ይህ ስሌት እንዴት እንዳዳነን እመጣበታለሁ።

የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እንደ ብርሌ የለሰለሰ። እዚያ ላይ ጓደኛዬ ደስ እያለው ነዳ። ከኋላው ሆኜ ሳየው መኪናው መስመር ሲቀይር ዘንበል ሳይል ነው። የእኔ መሪው ከዞረ በኋላ ትንሽ ያስባል። አዳማ ቁርስ በልተን መኪና ተቀያየርን። የዴራን፣ የኢተያን ዳገት እስከ አሰላ በእሱ መኪና ወጣሁት።

ልዩነቱ የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ወዲያው ታወቀኝ። መሪውን ሳዞር መኪናው እዚያው ታጠፈ። ምክንያቱ ይህ ነው። መሪ ሲዞር መጀመሪያ የሚዞረው ቸርኬው ነው። መሬት የያዘው ጥርሱ ግን ቸርኬውን የሚከተለው በጎማው ጎን በኩል ነው። ጎኑ ረጅም ከሆነ መጀመሪያ ይጣመማል፣ ከዚያ ነው ጥርሱን የሚጎትተው። አጭር ከሆነ ብዙም የሚጣመም ነገር የለም፤ እጅህ ያዘዘውን ጎማው ቶሎ ይሰማል። በፍጥነት መታጠፍ የሚወድ ሰው ለምን አጭር ጎን እንደሚመርጥ የዚያን ቀን በደንብ ገባኝ። ሙሉ ኑሮው አዲስ አበባና አዳማ ለሆነ ሰው ጥሩ ምርጫ ነው፤ አልከራከርም።

ከአሰላ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ሁለታችንም ወደየመኪናችን ተመለስን። ጭላሎን በግራ ትተን በቆጂ ደረስን፤ የነደራርቱ፣ የነቀነኒሳ፣ የነጥሩነሽ አገር። ወተት ጠጣን። ቀጥሎ ያለው አስፋልት በየቦታው ተቦርቡሯል። እኔ ጉድጓዱን ጎማዬ ሲውጠው እሰማለሁ፤ ዱብ ይልና ያልፋል። ጓደኛዬ ዶዶላ ላይ ሲወርድ ወገቡን ይዞ ነው። ባለቤቱማ ከዚያ ጀምራ እኔ መኪና ውስጥ ተሳፈረች። «አንተ ዘንድ መተኛት ይቻላል» አለችኝ፤ እውነትም እስከ ዲንሾ ተኛች።

ብዙ ሰው ምቾት መንገጫገጭን ከሚያበርዱት ከአሞርዛተርና ከሞላ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። መኪናውን የተሸከመው ግን ላስቲኩ አይደለም፤ ውስጡ የታመቀው አየር ነው። ትንሿን ድንጋይ፣ የአስፋልቷን ስንጥቅ፣ የጠጠሩን ንዝረት መጀመሪያ የሚቀበለው ጎማው ነው። አሞርዛተር የሚደርሰው ከእሱ የተረፈው ብቻ ነው። ጎኑ ሲያጥር የአየሩ ቦታ ይጠባል፣ የሚተጣጠፍበት ርቀትም ያጥራል። ስስ ፍራሽ ላይ የተኛ ሰው የአልጋውን ጣውላ አንድ በአንድ ይቆጥረዋል፤ የጓደኛዬ ወገብም እንዲሁ ሆነ። በዚያ ላይ ባለ 20ው ቸርኬ ከባድ ነው። ከሞላው በታች ያለ ክብደት ሲጨምር ጎማው ጉብታ ላይ ወጥቶ ቶሎ መሬት መመለስ ያቅተዋል፤ ሞላውም ይደክማል። ለማስነሳትም ሆነ ለማቆም ተጨማሪ ጉልበት ይፈልጋል።

ጎባ አደርን። ጠዋት ሞተር ሳይነሳ፣ ጎማው እንደቀዘቀዘ ንፋስ ለካሁ። ከፍታ ለሚወጣ ሰው ይህ ደስ የሚል ነገር አለው። ሽቅብ በወጣህ ቁጥር የውጭው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል። አዲስ አበባ የተሞላ ጎማ 4,000 ሜትር ላይ ሲደርስ 2 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ) ገደማ ይጨምራል። ብርዱ ደግሞ በየ10 ዲግሪው አንድ ተኩል ያህል ይወስዳል። ሁለቱ ከሞላ ጎደል ይጣፋሉ።

ለጠጠሩ ብዬ ከ32 ወደ 27 አወረድኩት። ጎኑ ረጅም ስለሆነ ይችላል። ንፋሱ ሲቀንስ ጎማው መሬት ላይ ዘርጋ ብሎ ይቀመጣል፣ ድንጋዩን አቅፎ ያልፋል፣ ንዝረቱ ይቀንሳል። ፍጥነት ግን መቀነስ ግድ ነው፤ አስፋልት ላይ ሲመለሱም ወዲያው መሙላት። ጓደኛዬ ይህን ማድረግ አይችልም። የእሱ ጎማ ንፋስ ከቀነሰ ቸርኬው ለድንጋይ ይጋለጣል። እንዲያውም አጭር ጎን ያለው ጎማ ሸክሙን ለመያዝ በርከት ያለ ንፋስ ይፈልጋል፤ ንፋሱ ሲበዛ ደግሞ ይበልጥ ይደርቃል። መውጫ የለውም።

የሳነቴ ሜዳ ሌላ ዓለም ነው። ጅብራው ቆሞ፣ አይጡ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ እየሮጠ፣ ቀይ ቀበሮ ከመንገዱ ዳር እያደባ። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ላይ በስተቀኝ ታየን። የባሌ ተራሮች በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ ለምን እንደተደሰትን እዚያ የቆመ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው።

ወደ ሪራ መንደር ቁልቁል ከመጀመሩ በፊት ጓደኛዬ ጎርፍ ያጋለጠው ድንጋይ ላይ ወጣ። ፍጥነቱ ከ30 አይበልጥም። ድምፁ እኔ መኪና ድረስ ተሰማ፤ ብረት በድንጋይ። ወርደን አየነው። የፊት ቀኝ ቸርኬ ከንፈሩ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ጎማው አልተነፈሰም፣ ግን ጎኑ ላይ አውራ ጣት የሚያህል እብጠት ወጥቷል።

እኔ በዚያው ድንጋይ ላይ ከደቂቃ በፊት አልፌ ነበር። የእኔ ጎማ የሚተጣጠፍበት 146 ሚሊ ሜትር ስላለው ቸርኬውና ድንጋዩ አልተገናኙም። የእሱ ጎን በሁለቱ መሀል ተቆንጥጦ ተቀጠቀጠ። ያበጠ ጎማ ላይ አይነዳም። የሚይዘው ክር ተበጥሶ ላስቲኩ ብቻ ነው የቀረው፤ መቼ እንደሚፈነዳ አይታወቅም።

ደግነቱ የኋላ በሩ ላይ ያለው እስኮርታ (መጠባበቂያ ጎማ) የድሮው ባለ 17 ነበር። ቁመቱ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚለይ ያለ ሐሳብ ገጠምነው። በጣም የሚለያይ ጎማ በአንድ አክሰል ላይ ቢገጠም ዲፈረንሻሉ (የሞተሩን ጉልበት ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው) ይጎዳ ነበር። በዚያ ከፍታ ክሪክ መጎንጎን ትንፋሽ ይቆርጣል፤ ቡሎን በቡሎን እያረፍን ጨረስን። የእኔም እስኮርታ ለእሱ ስለሚሆን ጉዞው አልተቋረጠም። ትንሽ ከሄድን በኋላ ጓደኛዬ መስኮት ከፍቶ ጮኸ፦ «በግራ ይመታኛል፣ በቀኝ ዝም ይላል!» አንድ መኪና ላይ ሁለቱም ጎማ፤ ከዚህ የተሻለ ፈተና የለም።

ሐረና ጫካ ውስጥ ማርና ቡና ገዝተን በማግሥቱ ተመለስን። ሮቤ ከተማ አንድ ወጣት ጎሚስታ (ጎማ ጠጋኝ) ጎማውን አውልቆ ውስጡን አሳየን። ጣት በሚያህል ርዝመት ክሩ ተበጥሶ ተንጨባሯል። «ቸርኬውን አቃናዋለሁ፣ ጋሼ» አለ። «ጎማው ግን አይሞከርም።» በ20 ቁጥር ምትክ ጠየቅነው፤ ሳቀ። ግድግዳው ላይ የተደረደረው ሁሉ 15፣ 16፣ 17 ነበር። ክፍለ ሀገር ለሚወጣ ሰው ይህ ራሱ ትልቅ ምክንያት ነው።

ይህን የማነሳው ለጓደኛዬ ብቻ ብዬ አይደለም። መንግሥት በ2024 እ.ኤ.አ. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ከእነሱ መሀል ባለ 19ና ባለ 20 ቸርኬ የሆኑ አሉ። ባትሪው ከባድ ነው፣ እስኮርታ የሌላቸውም ብዙ ናቸው። ከባድ መኪና፣ አጭር ጎን፣ ምትክ የሌለው ጎማ። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት የሚገጠምለት ትንሹ ቸርኬ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ፍሬኑ ከፈቀደ ያንን ውሰዱ።

ጓደኛዬ ባለ 20ውን ሊሸጥ ወስኗል። ወደ 17 መመለስ ግን አልፈለገም፤ የአሰላን ጠመዝማዛ አልረሳውም። 235/55 አር 18 ላይ ተስማማን። ጎኑ 129 ሚሊ ሜትር፣ ጠቅላላ ቁመቱ 716። ከፋብሪካው በ1 በመቶ ገደማ ብቻ ያንሳል፤ እስከ 3 በመቶ ችግር የለውም። የመሸከም አቅሙን የሚናገረው ቁጥር ከፋብሪካው እንዳያንስ ብቻ ይታይ ብዬዋለሁ። እስኮርታውንም አብሮ ይቀይራል።