የድሮውን ስጠኝ

ዛሬ ሱቅ ቆሜ አንዲት እናት የልብስ ሳሙና ጠየቁና ባለሱቁ ሲያቀብላቸው "ይሄን አይደለም የድሮውን" አሉት። "እማማ ያው እኮ ነው፣ ልብሱን ቀይሮ ነው" አላቸው እየሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። አዲሱን ማሸጊያ ዞር ብለውም አላዩት፣ ሳሙናውን መዳፋቸው ላይ አድርገው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ እያረጉ መዘኑትና "ይሄማ ከስቷል" ብለው መለሱለት።

እኔ ተቀብዬ ሳነበው "አዲስ ገፅታ፣ ለእርስዎ ምቾት" ይላል በትልቁ። ግራሙ ከታች ጥግ ላይ በጉንዳን ፊደል ነው የተጻፈው 😂 ለኔ ምቾት ነው እንዴ የቀነሰው?

ዲዛይን ይቀይሩ፣ መብታቸው ነው፣ ግን ማስታወቂያው ለምንድነው ሁሌ እንደ ህፃን የሚያባብለን? አሜሪካ ትሮፒካና በፈረንጆቹ 2009 ላይ የጁስ ካርቶኑን አዘምናለሁ ብሎ ስትሮ የተሰካበትን ብርቱካን ሲያነሳው ሽያጩ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ 20 በመቶ ገደማ ወረደበት፣ ሳይወድ በግዱ የድሮውን መለሰ። የልብስ ኩባንያው ጋፕም 2010 ላይ አዲስ ሎጎ አውጥቶ በሳምንት ገደማ ሰብስቦታል። እዛ ሰዉ ሌላ መርጦ ይገዛል። እዚህ ሰፈር ሱቅ ውስጥ አማራጩ ስንት ነው?

ቢያንስ "ዋጋ ከምንጨምር ግራም ቀንሰናል" ቢሉን ይገባናል እኮ፣ የዶላሩን ነገር እንደሆነ ሁላችንም እናውቀዋለን።