ከደብረ ብርሃን ወደ ሲሸልስ መሄድ ለምታስቡ

በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያለችው ሲሸልስ የሀብታምና የሙሽራ አገር ብቻ ናት የሚባለውን እርሱት። ውድ ናት፣ አልዋሻችሁም። ግን በአውቶቡስና በብስክሌት የሚዞር ሰው በደንብ አድርጎ ያያታል። ከተመለስኩ ጀምሮ እዚህ ሰፈር «እንዴት ነው የሚኬደው?» የሚለኝ ስለበዛ ሁሉንም አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። እናቴ ደግሞ ከሁሉም ቀድማ «አንተ፣ እዚያ ባሕር መሃል ሰው ይኖራል?» ነው ያለችኝ። ይኖራል እማዬ፣ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው! ደሴቶቹ ከመቶ በላይ ናቸው፤ አብዛኛው ሕዝብ ግን ትልቋ ደሴት ማሄ ላይ ነው ያለው።

መጀመሪያ ወረቀቱን ጨርሱ። ኢትዮጵያዊን ቪዛ አይጠይቁም። እንዲሁ ተነስቶ ይኬዳል ማለት ግን አይደለም። ከመሄዳችሁ በፊት የጉዞ ፈቃድ በኢንተርኔት ታወጣላችሁ፤ የመመለሻ ቲኬት፣ የምታርፉበት ቤት የተያዘበት ማረጋገጫና ለቆይታችሁ የሚበቃ ገንዘብ ያስፈልጋል። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው። ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ተወጉ፤ እባካችሁ ይህን ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት።

ከቦሌ በቀጥታ በረራ አራት ሰዓት አይሞላም። ከአውሮፕላኑ ስትወርዱ ሙቀቱ ይቀበላችኋል። ከ2,800 ሜትር ከፍታ፣ ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነስቶ የባሕር ጠርዝ ላይ ማረፍ ለሰውነት ቀላል አይደለም። ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ ከ24 እስከ 30 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እርጥበቱ ደግሞ ልብስ ያጣብቃል። የመጀመሪያውን ቀን ውሃ እየጠጣችሁ እረፉ። የሶኬት መቀየሪያም ያዙ፣ የእነሱ እንደ እንግሊዝ ባለ ሦስት እግር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ አውቶቡስ። ማሄን ዙሪያዋን የሚያዳርስ የመንግሥት አውቶቡስ አለ። ከታክሲ ጋር ዋጋው አይገናኝም፤ ከአንድ ታክሲ ሒሳብ ሙሉ ቀን ተዟዙራችሁበት ይተርፋችኋል። ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ዓሣ ይዛ የምትሄደው እናት ሁሉም እሱ ውስጥ ናቸው፣ አገሩንም ያየሁት በእነሱ መስኮት ነው። ሁለት ነገር ግን እወቁ፦ ትልቅ ሻንጣ አያስገቡም፣ ስለዚህ ከአየር ማረፊያ እስከ ማረፊያችሁ ታክሲ ያዙ ወይም ባለቤቶቹ እንዲቀበሏችሁ ንገሯቸው። ሲመሽ ደግሞ አውቶቡስ እየጠፋ ይሄዳል።

መኪና መከራየት ያማራችሁ ካላችሁ አስቡበት። የሚነዳው በግራ ነው። ሳን ሱሲ የሚባለው ተራራውን አቋርጦ የሚያልፈው መንገድ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ እንዳለው ጠመዝማዛ ነው፣ ያውም ጠባብ፣ በአንዳንድ ቦታ ዳሩ መከለያ የሌለው ገደል። የእኛን ቁልቁለት የለመደ ሹፌር ይወጣዋል፤ በግራ መንዳት ያልለመደ ሰው ግን እዚያ ላይ ባይማር ይሻላል።

ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያ በእግር ትዳረሳለች። ገበያዋን በጠዋት እዩት። እዚያ ስዞር አንድ ታሪክ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ፈረንጆች 1896 በሚሉት፣ እኛ አድዋ ላይ ድል ባደረግንበት ዓመት፣ እንግሊዞች በዛሬዋ ጋና የነበረውን የአሻንቲ መንግሥት ንጉሥ ፕሬምፔን ማረኩ። ከ1900 እስከ 1924 ድረስም እዚችው ማሄ ላይ በግዞት አቆዩት። በዚያው ዘመን የአንዱና የሌላው አፍሪካዊ ዕጣ እንዲህ መለያየቱ በጣም ያሳዝነኛል፣ ዳርቻውን ለመዋኘት ብቻ የሚመጣ ሰው ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ወደ ፕራስሊን ደሴት በፈጣን ጀልባ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነፋሱ ይበረታል፣ ባሕሩ ይናወጣል፤ ደገኛ ሆዱ አይችለውም፣ የማስታወክ መከላከያ ኪኒን ቀድማችሁ ዋጡ። ባሕሩ ጸጥ የሚለው በሚያዝያና በጥቅምት አካባቢ ነው። ከፕራስሊን ላ ዲግ የምትባለው ደሴት በጀልባ ሩብ ሰዓት ናት። እዚያ መኪና ጥቂት ነው፣ ሰው የሚሄደው በብስክሌት ነው፤ ወደቡ ላይ ትከራያላችሁ። ከሁሉም የወደድኳት እሷን ነው።

ጾም ላይ ብትሆኑ አትጨነቁ፣ ሩዝና ምስር የዘወትር ምግባቸው ነው።

ፕራስሊን ላይ ቫሌ ደ ሜ የሚባለውን ጫካ ሳታዩ እንዳትመለሱ። ከ1983 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። ኮኮ ደ ሜር የሚባለው ዘንባባ የሚበቅለው እዚያ ነው፣ ፍሬው ውስጥ ያለው ዘር በዓለም ካሉት ዘሮች ሁሉ ትልቁ ነው፣ ከ20 ኪሎ በላይ የሚመዝንም አለ። መግዛት ይቻላል፣ ግን ሕጋዊ ማስረጃው አብሮት መሰጠት አለበት። ወረቀት የሌለውን ቢያረክሱላችሁም አትውሰዱ፣ አየር ማረፊያ ላይ ይወረሳል።