ፈጣን ስፖርት ስታነሱ ፎቶው ለምን ይደበዝዛል?

የደበዘዘ ፎቶ ሲያጋጥማችሁ ሌንሱን ከመውቀሳችሁ በፊት ኮምፒውተር ላይ 100 በመቶ አጉልታችሁ እዩት። የተጫዋቹ ፊትና ደረት ጥርት ብሎ እጅና እግሩ ብቻ ከተሳበ ሻተር ስፒዱ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት የጊዜ ርዝመት) ቀርፋፋ ነበር። ተጫዋቹ ደብዝዞ ከኋላው ያለው አጥር ቁልጭ ብሎ ከታየ ፎከሱ ስቷል። የቆመው ምሰሶ ሳይቀር ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ከተሳበ ደግሞ የተንቀሳቀሰው ካሜራው ነው። መፍትሔያቸው ለየቅል ስለሆነ፣ ሳይለዩ ሴቲንጉን ሁሉ መቀያየር የትኛው እንደሠራ እንኳ አያሳውቅም።

በሻተር ስፒድ እንጀምር። ለሩጫና ለእግር ኳስ 1/1000 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው፤ ለስኬትቦርድ፣ ለቢኤምኤክስና ለሞተር ዝላይ ከ1/1600 እስከ 1/2000 ይሻላል። ፊት ለፊታችሁ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያቋርጥ ሰው፣ በዚያው ፍጥነት ወደ እናንተ ከሚመጣው ይልቅ ፈጣን ሻተር ይፈልጋል። ዝላይ ላይ ደግሞ ሰውየው ጫፍ ሲደርስ ወደ ላይ መውጣቱን አቁሞ ገና መውረድ አልጀመረም፤ ብርሃን ሲያጥር ያቺን ቅጽበት መጠበቅ ሻተሩን ትንሽ ዝቅ ለማድረግ ያስችላል።

ካሜራውን ማኑዋል ላይ አድርጋችሁ ሻተሩንና አፐርቸሩን፣ ማለትም የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት (ኤፍ/2.8 ወይም ኤፍ/4) ወስኑ፤ አይኤስኦውን (ፎቶው ምን ያህል እንዲደምቅ የሚወስነውን ሴቲንግ) አውቶ ላይ ተዉት። ሜዳው ላይ ብርሃኑ ወጥ ከሆነ ግን አይኤስኦውንም ራሳችሁ ቁረጡት፤ ነጭ ማልያ ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው ፎቶውን ያጨልመዋል፣ ጥቁር ሲሆን ደግሞ ያነጣዋል። አይኤስኦ መጨመር አያስፈራችሁ። አብሮት የሚመጣው ኖይዝ (ፎቶው ላይ የሚታየው ብናኝ መሰል ነጠብጣብ) በኤዲቲንግ ይቀንሳል፤ የተሳበ እግር ግን በምንም አይመለስም።

ፎከስ ላይ ብዙ ጊዜ ማጥፋት ያዋጣል፤ አብዛኛው ፎቶ የሚበላሸው እዚህ ነውና። የሚንቀሳቀሰውን እየተከተለ የሚያስተካክለውን ተከታታይ ፎከስ ተጠቀሙ፦ በካኖን ሰርቮ፣ በኒኮንና በሶኒ ኤኤፍ-ሲ ይባላል። ሙሉውን ፍሬም ለካሜራው ከመልቀቅ ትንሽ ዞን መርጣችሁ ደረቱ ላይ አሳርፉ። ፎከሱን ከሻተር ቁልፍ ለይታችሁ ከኋላ ወዳለው ኤኤፍ-ኦን የተባለ ቁልፍ ብታዛውሩት፣ አውራ ጣት እየተከተለ አመልካች ጣት ቅጽበቱን ብቻ ይጠብቃል። ካሜራው ተጫዋቹን በደንብ እንዲይዘው ድርጊቱ ሳይደርስ ቀደም ብላችሁ መከተል ጀምሩ። ሌላ ተጫዋች መሃል ሲገባ ፎከሱ እየዘለለ ካስቸገረ የትራኪንግ ሴንሲቲቪቲውን (ፎከሱ ወደ ሌላ ነገር የሚዘልበትን ፍጥነት) ዝቅ አድርጉት።

ቁልፉን ተጭኖ መያዝ ግን መጥፎ ልማድ ነው። በፈሩ (ፎቶዎቹ ካርድ ላይ ከመጻፋቸው በፊት የሚቆዩበት የካሜራው ጊዜያዊ ማከማቻ) ይሞላና ዋናው ኳስ ሲመታ ካሜራው ካርድ ላይ እየጻፈ ይቆያል፤ በተለይ በሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ትልቅ ፋይል) ስታነሱና ካርዱ ቀርፋፋ ሲሆን። ከሦስት እስከ አምስት ፍሬም አንስቶ መልቀቅ ይበቃል።

አዳራሽ ውስጥ ሌላ ጣጣ አለ። ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ ሲሆን ብዙ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ። ዓይን አያየውም፤ ካሜራው ግን ተከታታይ ፍሬሞችን አንዱን ደማቅ፣ ቀጣዩን ጨለም ብሎ ቢጫ ያደርገዋል። ካሜራው አንቲ-ፍሊከር የሚባል ሴቲንግ ካለው አብሩት፤ ሻተሩን ከድምቀቱ ጋር ያገጣጥማል። እዚያ ኤሌክትሮኒክ ሻተር (ያለ ሜካኒካል መጋረጃ የሚያነሳውን) አትጠቀሙ፣ አግድም ጥላ ያሰምራል፤ ሴንሰሩ ቀስ ብሎ የሚያነብ ከሆነም የሚወዛወዝ ዱላን ያጎብጣል።

ፓኒንግ፣ ማለትም ጀርባው እንዲሳብ ካሜራውን ከሚንቀሳቀሰው ጋር እያዞሩ ማንሳት፣ ሕጉ ተቃራኒ ነው፦ ለብስክሌት 1/60፣ ለሞተር 1/125። እግራችሁን ፎቶውን ወደምታነሱበት አቅጣጫ ትከሉና ከወገብ ዙሩ፤ ከተጫናችሁ በኋላም መዞሩን ቀጥሉ። ብዙዎች ሲጫኑ ስለሚቆሙ ነው የሚደበዝዝባቸው።

ስኬትቦርድ ስታነሱ ዘላዩ የተነሳበትንና የሚያርፍበትን ቦታ ፍሬሙ ውስጥ አስገቡ። በእኔ እምነት ይህ ከየትኛውም ውድ ሌንስ ይበልጣል፤ ሁለቱ ከሌሉ ዝላዩ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ተመልካች አያውቅም።

ኤዲት ስታደርጉ መጀመሪያ መምረጥ ይቅደም። ዓይኑ የማይታይ፣ ኳሱ ከፍሬም የወጣ ይሰረዝ። ክሮፕ ሲደረግ ከቁርጭምጭሚት ወይም ከእጅ አንጓ ላይ አትቁረጡ፤ በሚሄድበት በኩልም ክፍት ቦታ ተዉለት። ቀጥሎ ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛን) እና ኤክስፖዠር (የብርሃን መጠን)፣ ከዚያ ኖይዝ ቅነሳ። ሻርፕኒንግ (ጠርዞችን ማሳል) መጨረሻ ላይ ይሁን፤ የፎቶ ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ላይትሩም ውስጥ ማስኪንግ (የሚሳለውን ቦታ መገደቢያ) የሚለውን ስትጎትቱ ኦልት (በማክ ኦፕሽን) ተጭናችሁ ያዙ። ነጭ የሆነው ይሳላል፣ ጥቁሩ አይነካም፤ ሰማዩና የደበዘዘው ጀርባ ጠቁሮ የማልያው ጠርዝና ፊቱ ብቻ ነጭ እስኪሆን ጎትቱት። ያኔ ኖይዙ ከፊቱ ጋር አብሮ አይሳልም።