በለቅሶ ድንኳን ውስጥ የሚጠየቅ ዕዳ

ደብረ ብርሃን ውስጥ በሰፈራችን እድር በጸሐፊነት ስለማገለግል፣ ጡሩምባ ከተነፋበት ሰዓት ጀምሮ ድንኳኑ እስኪነሳ ድረስ ከሐዘንተኛው ቤት አልታጣም። ቀብሩ በሥርዓት ይፈጸማል፣ እዝኑም ይደርሳል፤ ቤተሰቡን ግን የሟቹን ስም ይዞ ገንዘብ ከሚጠይቀው ሰው የሚጠብቀው የለም።

ለቅሶ ቤት ለአጭበርባሪ የተመቸ ነው። በሩ አይዘጋም፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ የገባን ሰው «ማን ነህ?» ማለትም ነውር ነው። በዚያ ላይ አልቃሿ የሟቹን ሥራ፣ የልጆቹን ስም፣ ዐረብ አገር ያለችውን ልጅ ሳይቀር እያነሳሳች ስታስለቅስ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ የተቀመጠ እንግዳ የቤቱን ጓዳ ሁሉ አውቆ ይወጣል። (ሙሾው ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ያለ ሙሾ ምን ለቅሶ አለ?)

ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። በሰልስቱ ዕለት ከሸዋ ሮቢት የመጣ የእህል ነጋዴ ነኝ ያለ ሰው አብሯቸው ሲያለቅስ ቆይቶ፣ ከኮቱ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ሟቹ የማሾ ዋጋ 40,000 ብር እንደቀረባቸው ተናገረ። «እትዬ፣ እኔ ለገንዘቡ ብዬ አይደለም፤ ነፍሳቸው በዕዳ እንዳትያዝ ብዬ ነው» አላቸው። እሳቸውም አንድም ጥያቄ ሳያነሱ የሣጥኑን ቁልፍ እንዲያመጣ ልጃቸውን ላኩ። የእድሩ ዳኛ ወረቀቱን ተቀብለው ሲያዩት ግርጌው ላይ ያማረ ፊርማ ሰፍሯል፤ ሟቹ ግን ፊደል ያልቆጠሩ ሰው ስለነበሩ በእድራችን መዝገብ ላይ ከስማቸው አጠገብ ያለው ሁሉ የጣት አሻራ ነው። መዝገቡ እስኪመጣ ሰውየው ስልክ ላናግር ብሎ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህም አላየነውም።

በእኔ እምነት ከማታለያዎች ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ የሚነካው ኪስን ብቻ ሳይሆን ሃይማኖትንም ነውና። የሟቹ ነፍስ በዕዳ ትያዛለች የሚለውን ቃል የሰማ ሐዘንተኛ መከራከርን እንደ ኃጢአት ይቆጥረዋል። ይሁን እንጂ እውነተኛ ዕዳም የሚጣራበት ሥርዓት አለው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል ይደነግጋል፤ በዛሬው የብር አቅም ደግሞ ከዚህ መጠን የሚያንስ ብድር ማን ይበደራል? የሟች ዕዳ የሚከፈለውም ውርሱ ሲጣራ፣ ከቀብር ወጪና ከማጣራቱ ወጪ ቀጥሎ እንጂ በድንኳን ውስጥ አይደለም። ሰው በንስሐ አባቱና በሽማግሌዎች ፊት ሲናዘዝ ያለበትንም ያለውንም መናገሩ የቆየ ልማዳችን ስለሆነ፣ አስቀድሞ ኑዛዜውን የሰሙትን መጠየቅ ይገባል። ያለ ወረቀት ተማምኖ ያበደረ ሐቀኛ ሰው በአገራችን ሞልቷል፤ እንዲህ ያለው ሰው ግን አርባው እስኪወጣ ይታገሣል።

የስልኩም ነገር አለ። የሟቹ ስልክ የባንክና የቴሌብር መልእክት የሚገባበት ስለሆነ፣ ለልጅ መጫወቻ ሳይሰጥ አንድ ኃላፊ ሰው ሊይዘው ይገባል። ከባንክ ነው የምደውለው፣ የሟቹ ሒሳብ ሊዘጋ ስለሆነ የምስጢር ቁጥሩን ንገሩኝ የሚል ሁሉ አጭበርባሪ ነው፤ ባንክ የምስጢር ቁጥር በስልክ አይጠይቅም፤ የሟችንም ገንዘብ የሚያስረክበው የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ለያዘ ነው። የሟቹ ወኪል ነኝ ብሎ ንብረት ለማንቀሳቀስ የሚሞክርም፣ ውክልና በመርሕ ደረጃ በወካዩ ሞት እንደሚያበቃ ሊነገረው ይገባል። ለዚህ ሁሉ ሞቱን በወሳኝ ኩነት አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በ30 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ ይጠቅማል። ልጃቸው ዐረብ አገር ያረፈችባቸው ቤተሰቦች ደግሞ አስከሬኑን ለማስመጣት ገንዘብ ላኩ ሲባሉ፣ አንድም ብር ከመላካቸው በፊት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወይም በኤምባሲው በኩል ያጣሩ።

ለእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ያቀረብሁት ሐሳብ፣ እስከ አርባው ድረስ የገንዘብ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ ስሙንና አድራሻውን በመዝገብ አስፍሮ እንዲሄድ፣ መልሱንም ከአርባው በኋላ እንዲያገኝ በመተዳደሪያ ደንባችን ይጻፍ የሚል ነው። አንድ አዛውንት ግን «ሐዘንተኛን መጠበቅ ሌላ፣ ጓዳውን መቆጣጠር ሌላ» ብለው ተቃወሙኝ። ልክ ናቸው፤ የሚያጭበረብረው ሁልጊዜ እንግዳ ብቻ አይደለም፤ ከእድርተኛውም ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ መዝገቡን የሚይዘውን ሰው ቤተሰቡ ራሱ እንዲመርጥ፣ እድሩም ከገንዘቡ እጁን እንዲሰበስብ ብዬ ረቂቁን አስተካክያለሁ።