ካውያ ያልነካው ባትሪ

ስኬትቦርዱ ዳገቱ መሃል ላይ ድርቅ ሲል ሞካሪያችን ያልወደቀው እግሩ ፈጣን ስለሆነ ብቻ ነው። ሁለት ሦስት እርምጃ ወደፊት ተንደርድሮ ቆመ፣ ዞር ብሎ ቦርዱን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ባትሪውን የሠራሁት እኔ ነኝ።

የኤሌክትሪክ ስኬትቦርድ ባትሪ በተለምዶ ሴሎቹ (በውስጡ የሚደረደሩት ትናንሽ ባትሪዎች) ላይ የኒኬል ስትሪፕ በነጥብ ብየዳ እየተለጠፈ ነው የሚገጣጠመው። ጠንካራ ነው፣ አይካድም። ችግሩ አንድ ሴል ሲሞት ነው፤ ያንን ሁሉ ኒኬል መቦጨቅ አለ። ስትቦጭቅ የሴሉን ልባስ ከቀደድክ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ የሴሉ ቆርቆሮ እስከ ፖዘቲቩ ጫፍ ዙሪያ ድረስ ኔጋቲቭ ስለሆነ ከሾርት የሚለይህ ያ ስስ ላስቲክ ብቻ ነው። እኔም ብየዳ ለምኔ፣ ካውያም (የመበየጃ ብረት) አይነካውም ብዬ ተነሳሁ። በስሪዲ ፕሪንተር አሥር የሴል ቤቶች አተምኩ። በየቤቱ ጎን ለጎን አራት 21700 የሚባለው ክብ ሴል፣ ጫፍና ጫፋቸው ላይ በሞላ (ስፕሪንግ) የሚጫን የመዳብ ሳህን። ቤቶቹ እርስ በርስ በብሎን እየተያያዙ በተከታታይ ይሄዳሉ፤ ሲሞላ 42 ቮልት። ሴል ቢሞት ብሎኑን ፈትቶ መቀየር ነው። ጉራዬን አልደብቅም፣ ወርክሾፑን ለረገጠ ሰው ሁሉ እየፈታሁ እየገጠምኩ አሳይ ነበር።

የሆነውን ቢኤምኤሱ (ባትሪውን የሚቆጣጠረው ሰርኪት) መዝግቦት ነበር። ዳገቱ ላይ ሞተሩ 40 አምፔር ሲስብ ዘጠኙ ቤቶች 3.55 ቮልት አካባቢ ቆይተዋል፤ 7ኛው ብቻ 2.75 ወርዷል። ከ2.8 በታች እንዲቆርጥ ያዘዝኩት እኔው ስለሆንኩ ቆረጠ። (ሲቆርጥ የኤሌክትሪክ ፍሬኑም አብሮ ይሄዳል። ዳገት መሆኑ በጀን፤ ቁልቁለት ቢሆን ኖሮ ይህን የምጽፈው በሌላ ስሜት ነበር።)

ቴስተር ይዤ ቤቶቹን አንድ በአንድ ለካሁ። ሁሉም 3.8። ቆሞ ደህና፣ ሲሠራ የሚወድቅ፤ እንግዲህ ሴል ደክሟል ብዬ ፈረድኩ። 7ኛውን ፈትቼ አራቱንም ቀየርኩ፣ አዲሶቹን ከሌሎቹ ቮልት ጋር እኩል አድርጌ አስገባሁ፣ ብሎኑን መልሼ አሰርኩ። ቦርዱ ያንኑ ዳገት ምንም ሳይመስለው ወጣው። በዲዛይኔ ይበልጥ ኮራሁ፤ እንዲህ በቀላሉ የሚጠገን ባትሪ የት ይገኛል!

ሳምንት አልሞላም። ያው ዳገት፣ ያው 7ኛ ቤት።

የክፍላችን አንጋፋ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ከጠረጴዛቸው ሳይነሱ ጠየቁኝ።

«ያወጣሃቸውን ሴሎች ለካሃቸው?»

«አልለካኋቸውም፣ ጋሼ።»

«ቻርጅ ላይ ስትሰካውስ 7ኛው ከሌሎቹ በታች ነው ወይስ በላይ?»

አላየሁም። ሰካሁት። 4 አምፔር እየገባ 7ኛው ቤት ከሁሉም በ80 ሚሊቮልት ከፍ ብሎ ቁጭ አለ። ቻርጀሩን ስነቅለው ከሌሎቹ ጋር ተስተካከለ። ጋሼ ሳቁ።

«ሲሰጥ ከሁሉ ደሃ፣ ሲቀበል ከሁሉ ሀብታም፣ ቆሞ ሲታይ እንደ ሰው! ልጄ፣ ይሄ ሴል አይደለም፣ ኬላ ነው። ሲወጣም ሲገባም ይቀርጣል።»

ነገሩ ያኔ ገባኝ፤ ኬላው የቤቶቹ ማያያዣ ነው። ቴስተር የሚስበው ከረንት ኢምንት ነው፤ መንገደኛ ከሌለ ኬላው የሚቀርጠው የለም፣ ስለዚህ ልኬቱ ሁሌም ሙሉ ነው። የቢኤምኤሱን መለኪያ ሽቦ ደግሞ ያሰርኩት ከ7ኛው ቤት ብሎን ማዶ ስለነበር በማያያዣው ላይ የሚጠፋው ቮልት ሁሉ በ7ኛው ሂሳብ ይጻፍ ነበር።

ባትሪውን ከሎድ (ከረንት ከሚስብ መሣሪያ) ጋር አገናኝቼ 10 አምፔር አስወጣሁና በየማያያዣው ግራና ቀኝ ያለውን ልዩነት በሚሊቮልት ለካሁ። 2፣ 3፣ 2፣ 2። 7ኛውና 8ኛው መካከል፣ 200። ይህ 20 ሚሊኦም ሬዚስታንስ ነው፤ በ40 አምፔር 0.8 ቮልት ይበላል፣ ዳገቱ ላይ የጠፋውን ያህል። ሙቀቱን ሳሰላው 32 ዋት መጣ። 32 ዋት የአነስተኛ የብየዳ ካውያ ጉልበት ነው። ካውያ አልነካውም ብዬ በፎከርኩበት ባትሪ ሆድ ውስጥ ካውያ ሰክቼ ነበር ማለት ነው፤ ያውም ዙሪያውን ፕላስቲክ ከብቦት።

ስከፍተው ብሎኑ በጣቴ ግማሽ ዙር ዞረ። ከሮንዴላው ሥር ፕላስቲኩ ተሰርጉዶ ጥርት ያለ ቀለበት ወጥቶበታል፤ የመዳቡ ጫፍም ጠቁሯል። ጥፋቱ አወቃቀሬ ላይ ነበር። ብሎኑ ሁለቱን መዳቦች ብቻ አይደለም የሚነክሰው፣ የቤቱን ግድግዳም አብሮ ነው። ያተምኩበት ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ ደግሞ ሲታተም ቆንጆ ነው፣ ግን የማያቋርጥ ጫና ሲበዛበት ሳይሞቅም ቀስ እያለ ይሸሻል፤ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስማ ይለሰልሳል። ሲሸሽ ብሎኑ ይላላል፣ ሲላላ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይብስ ይሸሻል። ሌሎቹ ማያያዣዎችም ተራቸውን እየጠበቁ ነበር። ሴሎቹን ስቀይር የተሻለው ለምን እንደሆነም ግልጽ ሆነ፤ ያዳነው አዲሱ ሴል ሳይሆን ብሎኑን መልሼ ማጥበቄ ነው። ያወጣኋቸውን አራት ሴሎች ለካኋቸው። አራቱም ጤነኛ ነበሩ።

አሁን መዳብ ከመዳብ ፊት ለፊት ይገናኛል፣ ብሎኑ የሚነክሰው ብረት ብቻ ነው፣ ከሥሩም እንደ ሞላ የሚገፋ ሾጣጣ ሮንዴላ አለው። ፕላስቲኩ ሴል ከመያዝ ውጭ ሌላ ጭነት የለበትም፤ እሱንም ፒኢቲጂ ወደሚባለው ሌላ ፕላስቲክ ቀየርኩት። ማንኛውም ባትሪ ከመውጣቱ በፊት 10 አምፔር እየሰጠ ማያያዣዎቹ ይለካሉ፤ ከ5 ሚሊቮልት በላይ ያሳየ ይፈታል። ለጎብኚ እየፈቱ መግጠም ቀርቷል።

በቀደም ሌላ ባትሪ ላይ 3ኛው ቤት ዝቅ ብሎ አገኘሁት። እጄ መፍቻው ላይ ከደረሰ በኋላ መለስኩትና መጀመሪያ ቻርጀሩን ሰካሁ። ሲሞላም ዝቅ እንዳለ ነው። ነቅዬ አሳደርኩት፤ ጠዋት ይብስ ወርዷል።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ሴል ነው» አልኳቸው።

ቀና አላሉም። «ለክተህ ነው የመጣኸው፣ አይደል?»