ቅድመ አያቴን ዓድዋ ያዘመትኩበት ስህተት

የቅድመ አያቴን ሕይወት ከዘመኑ ታሪክ ጋር አሰናስዬ፣ «የዓድዋ ዘማች» ብዬ ጽፌ፣ ጥራዙን አባዝቼ ለዘመድ ካከፋፈልኩ በኋላ ነው በ1888 ዓ.ም. ቢበዛ በአንቀልባ የሚታዘሉ ሕፃን እንደነበሩ ያወቅኩት። ስህተቱን የሚያጋልጠው ማስረጃ ገና በመጀመሪያው ሳምንት እጄ ገብቶ ነበር። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሒሳብ ስላልሠራሁ ብቻ አለፈኝ። ማንም ቀድሞ አልነገረኝምና ሌላው ሰው በዚህ እንዳይሰናከል ልጻፈው።

መጀመሪያ ቀላሉን ላሳልፍ። ባለ ሦስት ዓምድ ሰንጠረዥ አዘጋጁ፤ በአንዱ ዓመቱን ከነወንጌላዊው፣ በሁለተኛው በአገር የሆነውን፣ በሦስተኛው በቤተሰብ የሆነውን ጻፉ። በሦስተኛው ዓምድ እያንዳንዱ ነገር ከማን አፍ ወይም ከየትኛው ወረቀት እንደተገኘ አጠገቡ ይግባ። ወንጌላዊውን ለማግኘት ዓመቱን ለ4 አካፍሉ፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። ለዚያ ትውልድ መቆንጠጫ የሚሆኑት ክስተቶች ብዙ አይደሉም፦ ከ1880 እስከ 1884 የዘለቀው ክፉ ቀን፣ የዓድዋ ዘመቻ 1888፣ የዳግማዊ ምኒልክ ዕረፍት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906፣ የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 17 ቀን 1909፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ጥቅምት 23 ቀን 1923፣ ማይጨው መጋቢት 22 ቀን 1928፣ የካቲት 12 ቀን 1929፣ ከዚያም የነፃነቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933።

አዛውንቶችን ስትጠይቁ «በስንት ዓመተ ምሕረት?» አትበሉ። በአክብሮት አንድ ቁጥር ይሰጧችኋል፣ ቁጥሩም አብዛኛውን ጊዜ ዋጋ የለውም። «እማማ፣ በኅዳር በሽታ ጊዜ አባትዎ ተወልደው ነበር? ዳዴ ይሉ ነበር ወይስ ከብት ይጠብቁ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ይህ መልስ ከሁለትና ሦስት ዓመት በላይ አይስትም። «የ80 ዓመት ሰው ነበሩ» የሚለውን ግን በእርሳስ ብቻ ጻፉት።

የቀን ልወጣ ላይ በየጽሕፈት ቤቱ የሚነገረው «8 ጨምር» የሚለው ምክር ግማሽ እውነት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ነው። አንድ የመዝገብ ሠራተኛ ጥቅምት 1928ን 1936 ብሎ ስለጻፈልኝ ከኦክቶበር 1935 የውጭ ጋዜጦች ጋር ማገናኘት አቅቶኝ ነበር። ቆይቶ የመጣው ስህተት ደግሞ ይበልጥ ረቂቅ ነው። ፈረንጆቹ በ1900 ዓመታቸው ፌብሩዋሪ 29ን ስለዘለሉ፣ ከየካቲት 1892 በፊት ባሉት ቀኖች ላይ የዛሬው ሰንጠረዥ አንድ ቀን ይስታል። የካቲት 23 ዛሬ ማርች 2 ላይ ይውላል፤ ጦርነቱ የተደረገው ግን ማርች 1 ቀን 1896 ነው። የምትጠቀሙበትን መቀየሪያ በዚህ ፈትኑት። የካቲት 23 ቀን 1888ን ማርች 2 ካለ ለአሮጌ ቀኖች አትመኑት።

በወረራው ዘመን የተጻፈ የጣሊያን ወረቀት ካጋጠማችሁ ከቀኑ አጠገብ በሮማውያን ቁጥር ሌላ ዓመት ታያላችሁ። የፋሺስቶች ዘመን አቆጣጠር ነው፤ ዓመቱ የሚለወጠው በኦክቶበር መጨረሻ ሲሆን፣ የየካቲት 12 ጭፍጨፋ በ15ኛው ዓመት ላይ ይወድቃል።

አሁን ወደ ተበላሸው ነገር።

ቤት ውስጥ ባለው ሣጥን አንድ የብራና ዳዊት ነበር። በመጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ ቤተሰቡ ልደትና ሞት ይመዘግብበታል፤ ከዳር እስከ ዳር በተለያየ እጅ የተጻፈ ነው። ከመስመሮቹ አንዱ የዳዊቱ ባለቤት፣ ማለት ቅድመ አያቴ፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ጥቅምት ፰ ቀን፣ ከጣሊያን ጋር ሊዋጋ ወደ ትግሬ መዝመቱን ይናገራል። ዓመተ ምሕረት የለውም። ከመስመሩ በላይ፣ በሁለት ቃላት መካከል ተጨምቆ፣ ቀለሙ ወደ ቡና ዓይነት የከሰመ አንድ ትንሽ ቃል አለ፦ ቅዳሜ። ጸሐፊው ረስቶት ኋላ የጨመረው ይመስላል። ፎቶ አነሣሁት፣ ገለበጥኩት፣ ከዚያ ረሳሁት።

ጣሊያን፣ ትግሬ፣ ዘመነ ዮሐንስ። 1888ን ለ4 ሳካፍል ምንም አልተረፈም፤ ዮሐንስ ነው። የክተት አዋጁ መስከረም ላይ ወጥቶ ሠራዊቱ በጥቅምት ወረኢሉ እንዲገናኝ መታዘዙ ይታወቃል፤ ወሩም ገጠመ። የቤተሰቡ ትረካ «አምባላጌ ቆሰሉ» ይላል፤ የአምባላጌ ጦርነት ኅዳር 28 ቀን 1888 ነው፤ ቦታውም ገጠመ። አምስት ማስረጃ ስለገጠመልኝ መመርመሩን ተውኩት።

ያላየሁት ይህን ነው፦ ከ1888 እስከ 1928 ልክ 40 ዓመት ነው፣ 40 ደግሞ ለ4 እኩል ይካፈላል። ዓድዋም ማይጨውም በዘመነ ዮሐንስ ናቸው። ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 መረብን ተሻግሮ ገባ፤ በጥቅምት የመሀል ሰፋሪ ጦር፣ ማለት የንጉሠ ነገሥቱ የማዕከል ሠራዊት፣ በጦር ሚኒስትሩ በራስ ሙሉጌታ ይገዙ መሪነት ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ተነሣ፤ በየካቲት አምባራዶም ላይ ከተዋጋ በኋላ በአውሮፕላን እየተደበደበ በአምባላጌ በኩል ወደ ደቡብ ተመለሰ። ወሩ፣ ወንጌላዊው፣ ጠላቱ፣ አገሩ፣ ተራራውም ጭምር ሁለቱም ጊዜ አንድ ነው። እኔ ማስረጃ ነው ብዬ የቆጠርኩት አምስት ነገር አንዱንም ጦርነት ከሌላው አይለይም ነበር።

ሌላም ወጥመድ አለበት። «በዘመነ ዮሐንስ» ማለት ወንጌላዊው ሳይሆን ንጉሡ ሊሆን ይችላል። አፄ ዮሐንስ የነገሡት ከ1864 እስከ 1881 ነው፤ ራስ አሉላ ጣሊያንን ዶጋሊ ላይ የመቱትም በእሳቸው ዘመን፣ ጥር 1879 ነው። ስለዚህ «በዘመነ ዮሐንስ ከጣሊያን ጋር» የሚል የቃል ትረካ ሦስት ጦርነት ይይዛል። በወረቀት ላይ ከቀን ጋር ከተጻፈ ወንጌላዊው ነው ለማለት ይቻላል፤ በአፍ ከተነገረ ግን ጠይቁ።

ሁለቱን ጦርነቶች የሚለያቸው ምንድን ነው? የጠመንጃ ስም አይለይም፤ ውጅግራ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ቆይቷል። ጠገራ ብርም አይለይም። የአዛዥ ስም ጥሩ ነው፣ ግን ተጠንቀቁ፦ ደጃዝማች ባልቻ በዓድዋ መድፍ ተኩሰው በ1929 ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ ነው የወደቁት፣ ስለዚህ «ከባልቻ ጋር» ብቻውን አይበቃም። «ከራስ መኰንን ጋር» ካለ 1888 ነው፣ እሳቸው በ1898 ዐርፈዋልና። «ከራስ ደስታ»፣ «ከራስ እምሩ» ወይም «ከደጃዝማች ነሲቡ ጋር» ካለ 1928 ነው፤ ግንባሩንም ይነግራችኋል፦ ራስ እምሩ ሽሬ፣ ራስ ደስታ በዶሎ በኩል፣ ደጃዝማች ነሲቡ ኦጋዴን። በትረካው ውስጥ አውሮፕላን ወይም የሚያቃጥል የመርዝ ዝናብ ከገባ ነገሩ አለቀ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ዕለቱ ነው። ባሕረ ሐሳብን፣ ማለት የቤተ ክርስቲያንን የዘመን ስሌት፣ የሚያውቅ የደብር ሰው በቃሉ ይሠራዋል፤ ስሌቱ እንዲህ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩ። የተገኘውን ለ4 አካፍሉና ቀሪውን ትታችሁ ድርሻውን፣ ማለት መጠነ ራብዒቱን፣ መልሳችሁ ደምሩበት። ድምሩን ለ7 አካፍሉ። ምንም ካልተረፈ መስከረም 1 ሰኞ ነው፤ 1 ቢተርፍ ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ።

ለ1888፦ 7388 ሲደመር 1847፣ 9235 ይሆናል። ለ7 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ መስከረም 1 ረቡዕ ነው። ወር 30 ቀን ስለሆነ በየወሩ ዕለቱ በሁለት ይገፋል፤ ጥቅምት 1 ዓርብ፣ ጥቅምት 8ም ዓርብ። ለ1928፦ 7428 ሲደመር 1857፣ 9285፤ ቀሪው 3። መስከረም 1 ሐሙስ፣ ጥቅምት 1 ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8 ቅዳሜ።

ያቺ የተጨመቀች ቃል ጉዳዩን ብቻዋን ትዘጋው ነበር። ወንጌላዊና ዕለት አንድ ላይ ሆነው ለአንድ ቀን የሚደገሙት በየ28 ዓመቱ ነው፤ 40 ደግሞ የ28 ብዜት አይደለም። ከዚያ ወዲህ ዕለት የተጻፈበት ማንኛውም ወረቀት ሳይሰላ ሰንጠረዤ ውስጥ አይገባም።

እኔ ግን እውነቱ ላይ የደረስኩት በዚህ ሳይሆን በረጅሙ መንገድ ነው። የርስት ክርክር መዝገብ እንዳለ ሰምቼ ወደ አንድ መዝገብ ቤት ሄድኩ። የትብብር ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ፤ አመጣሁ። ደብዳቤው ዓመት መጥቀስ አለበት ተባልኩ፤ ሰውየው በዓድዋ ጎልማሳ ከነበሩ ብዬ «እስከ 1915» አስጻፍኩ። «የለም» ተባልኩ። ሁለት ጊዜ ተመልሼ ሁለት ጊዜ «የለም» ሰማሁ። ማንም «ከ1915 በኋላስ ብናይ?» አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። መዝገቡ የተከፈተው በ1938 ነበር። ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ግን ከሠራተኛው ይልቅ በራሴ ላይ ነው የምናደደው፣ ጠባብ ጥያቄ ያቀረብኩት እኔ ነኝና። የመዝገብ ቤት «የለም» ማለት «አንተ ባልከው ዓመትና ባልከው ስም የለም» ማለት ነው፤ ከዚያ አያልፍም።

ስለዚህ ኦፊሴላዊው መመሪያ ትክክለኛ ዓመት አቅርቡ ቢልም፣ እናንተ ቢያንስ የ40 ዓመት ክልል አስጽፉ። በከሳሽም በተከሳሽም ስም አስፈልጉ፤ የርስት ክርክር ብዙ ጊዜ በአጎት ልጅ ስም ይከፈታል። ሰውየው በአንዱ ቦታ በዓለም ስማቸው፣ በሌላው በክርስትና ስማቸው፣ በሦስተኛው ከነማዕረጋቸው ይጠራሉና ሦስቱንም ያዙ። ፊደሉን ደግሞ እያፈራረቃችሁ አስፈልጉ፦ ኃይሉ በሀ፣ በሐ ወይም በኀ ሥር፣ ፀጋዬ በጸ ወይም በፀ፣ ሠርፀ በሰ ወይም በሠ ሊገኝ ይችላል። በግእዝ ቁጥር የተጻፈ ዓመት ላይ ፮ እና ፯ ይምታታሉ፤ ወንጌላዊው ከተጻፈ ይለያቸዋል፣ ፲፱፻፮ ማርቆስ ፲፱፻፯ ሉቃስ ነውና።

መዝገቡ ሲገኝ የአንድ ምስክር ቃል ሁሉን ነገር ገለበጠው። የቅድመ አያቴ አባት የሞቱት አፄ ምኒልክ ባረፉበት ዓመት መሆኑን፣ ልጁም ለአቅመ አዳም ስላልደረሰ አጎቱ በሞግዚትነት መሬቱን እንደያዘለት ይናገራል። ማለትም በ1906 ገና ልጅ ናቸው። በ1888 ጦር ሜዳ ሊኖሩ አይችሉም፤ በ1928 ግን ቢበዛ የ40 ዓመት ሰው ናቸው፣ ለዘመቻ የደረሱ። ዳዊቱን እንደገና ያወጣሁትና «ቅዳሜ»ን ያነበብኩት ከዚህ በኋላ ነው።

ዳግመኛ ስጀምር ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። መጀመሪያ የቤቱን ሣጥን፦ ዳዊት፣ ኑዛዜ፣ የሹመት ደብዳቤ፣ የፎቶ ጀርባ፣ የግብር ደረሰኝ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ከታወጀ በኋላ ደረሰኙን ዋጋ የለውም ብለው የጣሉ አሉ፤ ያልጣለ ዘመድ ካላችሁ ቶሎ ድረሱበት፣ በየዓመቱ ማን እንደከፈለ ስለሚያሳይ የሞት ዓመትን ከምስክር ይበልጥ ያጠብበዋል። ከዚያ አዛውንቶች፣ ከዚያ የታተመ ነገር፦ ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ከ1917 ጀምሮ፣ አዲስ ዘመን ከግንቦት 1933 ጀምሮ፣ ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ጀምሮ። ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) እና ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መምጣት ያለባቸው በመጨረሻ ነው። ምን እንደምትፈልጉ ሳታውቁ ከገባችሁ ቀኑ በማገላበጥ ያልቃል።

የከሰመ ቀለም ስታነሡ ብርሃኑን ከፊት ሳይሆን ከጎን አግድሙት፤ ብዕሩ ብራናው ላይ የጫረው ፈለግ ይወጣል። ከመስመር በላይና በኅዳግ ያለውን ለብቻው አጉልታችሁ አንሡ።

የታረመውን ጥራዝ ለዘመድ ስሰጥ ደስ ያላለው ብዙ ነው። የዓድዋ ዘማች የሚለውን ስም ማንም በፈቃዱ አይለቅም፤ በመርዝ ጭስ ውስጥ አልፎ ቆስሎ የተመለሰ ሰው ግን ከማንም አያንስም ብዬ በሰንጠረዡ ላይ የመሀል ሰፋሪን ጉዞ ከጥቅምት እስከ የካቲት ዘርዝሬ አስገብቻለሁ። በዓድዋ ሊዘምቱ የሚችሉት አባታቸው ናቸው፣ በ1906 የሞቱት። ዕድሜያቸው ይፈቅዳል፤ መዝመታቸውን የሚያሳይ አንድም ቃል ግን በዳዊቱ ቅጠልም ሆነ በመዝገቡ ውስጥ ስላላገኘሁ፣ በ1888 መደብ ላይ ሦስተኛውን ዓምድ ባዶውን ትቼዋለሁ።