ቧንቧ የማይነካ ማጣሪያ

ዛሬ መርካቶ የውሃ ማጣሪያ ስመርጥ ዋልኩ። ቤቱ የኪራይ ስለሆነ ቧንቧ መቁረጥ የለም። ሻጩ "ይሄ ሁሉንም ያጣራል፣ እህቴ" አለኝ። ሁሉንም የሚባል ነገር የለም! የከሰል ማጣሪያ ያለው ጆግ የክሎሪኑን ሽታ ይወስዳል፤ ቡና ላይ ልዩነቱ ይታወቃል። ለጀርም ግን አልተማመንበትም። ባለ ሁለት ባልዲው፣ ሻማ የሚመስል ሴራሚክ ያለው፣ ባክቴሪያ ይይዛል፤ ውሃው ግን ጠብ ጠብ እያለ ነው የሚወርደው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ከሰልም ሴራሚክም አያስቀረውም። የስምጥ ሸለቆ ሰዎች ደግሞ፣ በአካባቢያችሁ ውሃ የሚበዛውን፣ ጥርስ የሚያበላሸውን ፍሎራይድ ማፍላትም አይቀንሰውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን በቀረው ውስጥ መጠኑ ይጨምራል።

እኔ ሴራሚኩ ውስጥ ከሰል ያለበትን ያዝኩ። ማታ ከሞላሁት ለጠዋት ቡና ይደርሳል። መለዋወጫ ሻማው የት እንደሚገኝ ሳትጠይቁ ግን ብር እንዳታወጡ።